ከኮሚቴው ቀድመው የሚደርሱት

ኅዳር 3

ለእትዬ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ የእኔም ይድረስሽ። ደህና ነኝ፣ ማለቴ አልታመምኩም።

ለምን ፊትሽን አዞርሽብኝ ብለሻል። አላዞርኩብሽም። የኮሌጃችን ዲን ቀደም ብለው ሰብስበውን «የምክር ቤት አባላት ሲገቡ ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሳ፤ ዘመድ ያለውም ዘመድነቱን ለእረፍት ሰዓት ያቆየው» ብለው ነበር። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነው። የትምህርት ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ አክስት ያለችኝ እኔ ብቻ መሆኔን የበሩ ጥበቃ ሳይቀር ያውቃል። ስለዚህ አጎንብሼ ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ተከልኩ። አንቺም መጥተሽ ከኋላዬ ቆምሽና፣ ልክ እንደማታውቂኝ ሆነሽ፣ «ምን ይታይሻል የኔ ልጅ?» አልሽኝ። «በደንብ ይታያል» አልኩሽ። ሰብሳቢያችሁ ደስ አላቸው። አንቺም ደስ ብሎሻል፤ ድምፅሽን መች አጣዋለሁ።

በእረፍት ሰዓት ያልመጣሁት ራሴን አሞኝ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሹራብ ይዘሽልኝ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። በሰው ላኪልኝ፤ የመኝታ ክፍላችን መስኮት አልዘጋ ብሏል።

ኮሌጃችን በዲግሪ እንዲያስተምር ለምክር ቤቱ ሐሳብ ልታቀርቡ ነው ሲባል ሰማሁ። ዲኑ ከዚያ ቀን ወዲህ ኮሪደር ላይ ሲሄዱ ያንጎራጉራሉ። እንኳን ደስ አላችሁ። እኛ የላቦራቶሪ ተማሪዎች ሦስተኛ ዓመታችን ስለሆነ በሰኔ እንመረቃለን፤ ከዚያ በኋላ ያለው አይመለከተንም።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሚጡ


ኅዳር 17

ሚጡዬ፣

ሹራቡ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ቀለሙን ካልወደድሽው ለእናትሽ ስጫት። እህቴ ከእኔ እጅ የወጣ ነገር አትጥልም።

ጎብኝታችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ምን ትሠራላችሁ ብለሽ እናትሽን ጠይቀሻታል አሉ። በጨዋ አማርኛ «ትረሱታላችሁ ወይ» ማለትሽ ነው፣ ገብቶኛል። አንረሳውም፣ እንጽፋለን። ሦስቱም የጤና ኮሌጆች የክልሉ ናቸው። በጀታቸውን የሚያጸድቀው፣ ደረጃቸውን ከፍ የሚያደርገው፣ ካስፈለገም የሚዘጋቸው የእኛ ምክር ቤት ነው። ታዲያ የምክር ቤት አባል ሁሉ ተነሥቶ ላቦራቶሪ አይዞርም። ኮሚቴው ሄዶ ያያል፣ ያየውን ይጽፋል፣ ሌላው የተጻፈውን አምኖ እጁን ያወጣል። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነበርኩና መጻፉ ለእኔ ይሰጣል። «ላቦራቶሪዎቹ በሚገባ የተደራጁ ናቸው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው አንቺ ነሽ በዓይኔ የነበርሽው፤ ነጭ ጋዋን ለብሰሽ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ አንገትሽ ቁርጥ የእናትሽን አንገት መስሎ። ሰው ባይኖር እልል እል ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ። አንቺ የተቀመጥሽበት ማይክሮስኮፕ እጀታው ላይ የቀይ ጥፍር ቀለም ጠብታ ነበረው። አንዷ ልጅ «ይህ የኔ ነው፣ እንዳይነካ» ለማለት ያደረገችው መስሎኝ ፈገግ አልኩ። በማግስቱ ሁለተኛው ኮሌጅ ስንገባ እዚያም እጀታው ላይ ቀይ ጥፍር ቀለም ያለበት ማይክሮስኮፕ አየሁ። ሦስተኛውም ጋ አለ። ጥፍር ቀለሙ ከፋብሪካው ተቀብቶ ነው የሚመጣው? ወይስ የክልላችን ሴት ተማሪዎች ሁሉ ተማክረው አንድ ጠርሙስ ነው የሚጠቀሙት?

ይህንን ለሰብሳቢያችን ባነሳላቸው «የተከበሩ፣ እኛ እኮ ጥፍር ልናይ አልሄድንም» አሉኝና መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 8

እትዬ፣

ሹራቡ ልኬ ነው። አመሰግናለሁ።

አዎ፣ አንድ ናቸው።

ዕቃዎቹ የሦስቱ ኮሌጆች ናቸው፤ የሦስቱ ናቸው ማለት የማንም አይደሉም ማለት ነው። የመጋዘኑ በር ጠንካራ ስለሆነ ሦስተኛው ኮሌጅ ተቆልፎባቸው ይከርማሉ። የእናንተ የጉብኝት ደብዳቤ ቀደም ብሎ ይመጣል፤ የቱ ኮሌጅ መጀመሪያ፣ የቱ ቀጥሎ እንደሚጎበኝ በተራ ተጽፎበታል። ከዚያ ማይክሮስኮፖቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በኮሌጁ አውቶቡስ ይመጡልናል። እናንተ ጎብኝታችሁ ምሳ ስትቀመጡ እነሱ ቀድመዋችሁ ወደሚቀጥለው ኮሌጅ ይሄዳሉ። ይህን ማታለል ነው ብሎ የሚያስብ ሰው እዚህ ያለ አይመስለኝም። ዲኑ «መተባበር» ነው የሚሉት። እኛም አውቶቡሱ ላይ ስንጭን አንድ እንኳ እንዳይሰበር ብለን እንጂ ሌላ ነገር አስበን አናውቅም።

ያን ቀን ምን ይታይሻል ስትዪኝ የሚታየኝ የራሴ ሽፋሽፍት ነበር። መብራቱ በየት በኩል እንደሚበራ አላውቅም። አጠገቤ ያለችው ልጅ ስላይዷን ገልብጣ አስገብታ ነበር። እናንተም አላወቃችሁ፣ እኛም አላወቅን፤ መምህራችን ናቸው በኋላ የነገሩን።

እኛ የምንማረው ከሰሌዳ ነው። መምህራችንን ግን እንዳትነኪብኝ፣ ጎበዝ ናቸው። ባለ ቀለም ጠመኔ ይዘው ይገቡና የደም ሴሉን ክብ፣ የወባዋን ተሐዋሲ ደግሞ በውስጡ እንደ ቀለበት አድርገው ይስሉልናል። እኛ እንገለብጣለን። በፈተናም እንስላለን። ሥዕሌ ስለሚያምር ከክፍሉ አንደኛ የምወጣው እኔ ነኝ። ወባ በጠመኔ ተስላ ከመጣች ከእኔ አታመልጥም።

እባክሽ እትዬ። ይህንን ከተናገርሽ ይዘጉታል፣ ሦስት ዓመቴም ውኃ በላው ማለት ነው። እናቴ የምረቃ ፎቶዬን የምትሰቅልበትን ሚስማር ከአሁኑ መትታ ጨርሳለች፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ባዶውን ሚስማር ታሳያለች። እስከ ሰኔ ድረስ ብቻ አላየሁም በይ። ከዚያ በኋላ እንዳሻሽ።

ሚጡ


ጥር 22

ሚጡዬ፣

ስለዘገየሁብሽ ይቅርታ። ብዕር ይዤ እየተቀመጥኩ እነሳ ነበር።

አይ፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባለቤቴም ቢሆን። አዎ፣ ለአንቺ ስል ነው። ሌላ የሚያምር ስም ልሰጠው አልፈልግም።

ሪፖርቱ ማክሰኞ ተነበበ። አዳራሹ ሞቆ ነበር፤ ከፊቴ ያሉት አዛውንት አባል አገጫቸውን ከረባታቸው ላይ ጥለው ተኝተዋል። የእኔን ዓረፍተ ነገር ሰብሳቢያችን ሲያነቡት ሰማሁት። ከሰው አፍ ሲወጣ ያምራል። አፈ ጉባኤዋ «የምትደግፉ» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ፤ የተኙትም ነቅተው አወጡ። የተቃወመ የለም። «ድምፀ ተአቅቦ» ሲባል እጄን አወጣሁ። ድምፅ የሚቆጥረው ልጅ የተሳሳትኩ መስሎት ጠጋ ብሎ «የተከበሩ፣ ድጋፉ እኮ አለፈ» አለኝ። «አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ ቁጠረኝ» አልኩት። ተሳቀ። በገዛ ሪፖርቷ ላይ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገች ሰው ከዚህ በፊት አልነበረችም አሉ። በሻይ ሰዓት አንዱ መጥቶ ክንዴን ያመኝ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ምንም አልተሰማኝም። አፍራለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አላፈርኩም። አልተናደድኩም። ቤቴ ገብቼ የተጠራቀመ ልብስ አጠብኩና አሰጣሁ። ባለቤቴ «እንዴት ዋልሽ?» ሲለኝ «ደህና» አልኩት፤ ደህና ነበርኩም መሰለኝ።

እንግዲህ ሦስቱም ኮሌጆች ከመጪው ዓመት ጀምሮ በዲግሪ ያስተምራሉ፣ የተማሪያቸውም ቁጥር እጥፍ ይሆናል። አፈጻጸሙን የሚከታተለውን ቡድን እንድመራ እኔን መርጠውኛል። «ጉዳዩን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም» አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ተመርቀሽ ሥራ የገባሽ ቀን፣ የሰው ደም ፊትሽ ቢያስቀምጡልሽ ምን ታደርጊያለሽ? የምጠይቅሽ እንደ ምክር ቤት አባል አይደለም።

አክስትሽ


የካቲት 14

እትዬ፣

ባትጠይቂኝ ይሻል ነበር። ከጠየቅሽኝ እነግርሻለሁ።

«ኔጋቲቭ» ብዬ እጽፋለሁ። ከእኛ በፊት የተመረቁት ሁሉ የሚያደርጉት እንደዚያ ነው። ጎንበስ ይላሉ፣ ሰው እንዲያያቸው ትንሽ ይቆያሉ፣ ኔጋቲቭ ብለው ይጽፋሉ። ትኩሳት ያለው ሰው ሁሉ ወባ አይኖርበትምና ብዙውን ጊዜ ልክ ይሆናሉ።

ቀጮ የት ጠፋች ብለሽ ባለፈው በእናቴ በኩል ጠይቀሽኝ ነበር፤ አልመለስኩልሽም። ያቺ ባለፈው ክረምት አብራኝ እናንተ ቤት ያደረችው፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነው። አምና ተመርቃ ወንዝ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ተቀጥራ ነበር። አንድ ሰው ትኩሳት የያዘው ሕፃን ይዞ መጣ። ቀጮ ኔጋቲቭ ብላ ጻፈች። ነርሷም ቀጮ የጻፈችውን ተቀብላ የጉንፋን መድኃኒት ሰጥታ ሸኘቻቸው። በሦስተኛው ቀን አባትየው ብቻውን ተመለሰ። አልጮኸም። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና «እኔ ማንበብ አልችልም፤ ይሄ ምን ነበር የሚለው?» አላት።

አሁን እኛ መኝታ ቤት ናት፣ ተደብቃ። ቤተሰቦቿ ሥራ ላይ ያለች ይመስላቸዋል። አልጋዬን እንጋራለን። የምንሰጣትን ትበላለች፣ ነይ ስንላት ትመጣለች። ይህን ከነገረችኝ ወዲህ አትናገርም።

እኔም ብሆን ምንም አይሰማኝም። ታሪኩን የነገረችኝ ቀን እንኳ ሰምቼ ስጨርስ ወደ ፈተናዬ ነው የሄድኩት። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሰኔ ሩቅ አይደለም።

ለእናቴ እንዳትነግሪያት።

ሚጡ


ሚያዝያ 11

ሚጡ፣

«ሳትነግሪኝ ለምን መጣሽ?» ብለሻል። ብነግርሽ ወይ ለዲኑ ትነግሪያቸዋለሽ፣ ወይ ዝም ብለሽ በኋላ «አውቀሽ ነው» ትባያለሽ። ከሁለቱም ላድንሽ ብዬ ነበር። ያዳንኩሽ ግን አይመስለኝም።

ነገሩ ብልሃት አልነበረውም። ደብዳቤው እንደ ወትሮው ቀድሞ ሄደ፤ ሦስተኛው ኮሌጅ መጀመሪያ፣ እናንተ መጨረሻ ናችሁ ይላል ተራው። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ሾፌሩን «ከመጨረሻው ጀምር» አልኩት። ሰብሳቢያችን «ፕሮግራሙ እኮ ተልኳል» አሉ። «የዚያኛው መንገድ ተበላሽቷል አሉ» አልኳቸው። አልተበላሸም ነበር። ይኸው ነው። እንዲህ ቀላል ነገር ስንት ዓመት ስንዞር ለአንዳችንም አልመጣልንም።

የላቦራቶሪያችሁ ጠረጴዛዎች ባዷቸውን ነበሩ፤ አንዱ ላይ የሰው ካልሲ ተዘርግቶ ይደርቃል። አንቺ መስኮቱ ጋ ደብተርሽን ከፍተሽ ተቀምጠሻል። ስታዪኝ ተነሥተሽ ወንበርሽን አቀረብሽልኝ። ሰብሳቢያችን ዙሪያውን አይተው «ዕቃው የት ሄደ?» አሉ። ዲኑ «ለጥገና» አሉ። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ባቀረብሽልኝ ወንበር ላይ ባለመቀመጤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ተቀምጬ ቢሆን የምነሳ አይመስለኝም ነበር።

ትናንት ለምክር ቤቱ አቀረብኩት። «በጥር የተነበበላችሁን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ልክ አልነበረም» ብዬ ጀመርኩ። አንዱ አባል ተነሥተው «የተከበሩ፣ እዚያ ኮሌጅ ዘመድ አለዎት?» አሉኝ። «የእህቴ ልጅ አለች፤ ዘንድሮ ተመራቂ ናት» አልኩ። ቀጮን አላነሳኋትም። ሕፃኑን ግን አነሳሁት።

የተወሰነውን ከሬዲዮ ሳትሰሚ ከእኔ ስሚው። እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱ ዕቃ እስኪሟላለት ድረስ አዲስ ተማሪ አይቀበልም፤ የዲግሪውም ነገር ቆሟል። ከእንግዲህ ኮሚቴው የት እንደሚሄድ አስቀድሞ አይናገርም። የዘንድሮ ተመራቂዎች በሰኔ አይመረቁም፤ በትልቁ ሆስፒታል ላቦራቶሪ አንድ ዓመት በተግባር ተምረው ነው የሚመረቁት። ለዚህ ለመጨረሻው ከአዳራሹ ሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ትንሽ ብቆይ ኖሮ አላወጣውም ነበር።

እናትሽ ስልኬን አታነሳም። እንዴት ናት? አንቺስ ትበያለሽ?

አክስትሽ


ሰኔ 20

እትዬ፣

እበላለሁ። እናቴም ደህና ናት። ስላንቺ አታነሳም፣ ሰው ሲያነሳም ከክፍሉ ትወጣለች።

የክፍሌ ልጆች አያናግሩኝም። ሳልፍ «የተከበሩ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል፣ እኔም «ደህና ናቸው» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ያመኝ ነበር መሰለኝ። አሁን ዝናብ እንደሚዘንብ ነው የምሰማው።

ዲኑ ባለፈው ሳምንት ቢሮ ጠርተውኛል። በሩን ዘግተው ከመሳቢያቸው የምስክር ወረቀት አወጡ። ስሜ አለበት፣ ማኅተም አለበት፣ ቀኑ ከምክር ቤቱ ውሳኔ በፊት ነው። «ለተከበሩ አክስትሽ ስል ነው። ላንቺ ብቻ ነው። ሰላምታዬን አቅርቢልኝ» አሉኝ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ፈገግ ሲሉ አይቻቸው አላውቅም። እኔ ወረቀቱን ሳልነካ «ላስብበት» አልኩ። እስከ ክረምቱ መጨረሻ አስቢ ብለው መልሰው መሳቢያው ውስጥ ከተቱት።

እናቴ «ምን በወጣሽ ነው የምትቀጪው? ውሰጂ» ትላለች። ይህን ስትል ከሚያዝያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችልኝ።

እኔ አላውቅም። ምን ላድርግ? አንድ ቃል ጻፊልኝ።

ሚጡ


ሐምሌ 2

ሚጡዬ፣

ውሰጂው።

አንድ ቃል ብለሽኝ ነበር፣ እሱ ነው። የቀረው የእኔ ወሬ ነው። ደክሞኛል። ዲኑን መጠየቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ አልጠይቃቸውም። ከእህቴ ጋር ተኳርፌ ማርጀት አልፈልግም። ቢሮ ውስጥ ሥራ እፈልግልሻለሁ፤ ፋይል የምትይዢበት፣ ደም የማትነኪበት። ማንንም አትጎጂም። ለሌሎቹ የወሰንኩት ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ላንቺ ግን አክስትሽ ነኝ። ማንም አያውቅም።

እናትሽን ሳሚልኝ።

አክስትሽ


ጥቅምት 6

እትዬ፣

ደብዳቤዬ ደርሶሻል ወይ ብለሽ ደጋግመሽ ጽፈሻል። ደርሶኛል።

የምጽፍልሽ ከትልቁ ሆስፒታል ነው። የዲኑን ወረቀት አልወሰድኩም። እናቴ አላናገረችኝም፣ ልብሴን ግን አጣጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችው እሷ ናት። ቀጮንም ይዣት መጣሁ። «ተመርቄያለሁ፣ ግን አልችልም፣ እንደገና አስተምሩኝ» ብላ ራሷ ተናገረች። የላቦራቶሪው ኃላፊ «ለምን?» ብላ አልጠየቀቻትም፤ ከእኔ ቀጥሎ ወንበር ሰጠቻት። ልጆቹም ቀስ በቀስ ያናግሩኝ ጀምረዋል፣ መብራቱ በየት እንደሚበራ ለመጠየቅ ያህል።

ዛሬ አንዲት ሴትዮ ትኩሳት ይዟት መጣች። ስላይዷን ሠርቼ አየሁ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ኔጋቲቭ ብዬ ልጽፍ እጄ ሄዶ ነበር። መልሼ ጎንበስ አልኩ፤ ጥግ ላይ አንዷን አገኘኋት። በጣም ትንሽ ናት፣ ደብዛዛ ናት፣ እንዲህ ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ቀጥሎ ሌላ አየሁ። ኃላፊዋን ጠራኋት፣ አየችና «ልክ ነሽ፣ ጻፊው» ብላኝ ሄደች። ጻፍኩት። ሴትዮዋ መድኃኒቷን ተቀብላ ወጣች፤ እኔ ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ቁጭ አልኩ፣ ከዚያ ቀጮ ውኃ አመጣችልኝ።

በሐምሌ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ከዚህ ጋር መልሼ ልኬልሻለሁ። ሌሎቹን ሁሉ አስቀምጫቸዋለሁ፣ እሱን ግን እኔ ጋ ማስቀመጥ አልፈልግም። የምክር ቤት አባል እንዲህ ያለ ነገር በገዛ እጇ ጽፋ አትልክም። ሰው እጅ ቢገባ አንቺም ትወድቂያለሽ፣ ያወጣችሁትም ውሳኔ አብሮሽ ይወድቃል፤ እኔም ዓመቴን በከንቱ ሰጠሁ ማለት ነው። ስለ ዲኑ መሳቢያም የማደርገው የለኝም፤ ያ የአንቺ ሥራ ነው።

ልቀድደው ሁለት ጊዜ አነሳሁት፣ የአንቺ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ አልጨከንኩም። አንቺው ቅደጂው። አሁንም አኩርፌሻለሁ።

ሚጡ